የአዝቴክ የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽና የካህናት ሃይማኖታዊ ሚና

የአዝቴክ የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1521 ድረስ በዛሬይቱ ሜክሲኮ መካከለኛ ደጋ ይኖሩ የነበሩ የናዋትል ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች ለአማልክታቸውና ለነገሥታታቸው የሠሯቸው የድንጋይ ሥራዎች የወል ስም ነው። ከነዚህ ሕዝቦች ዋነኞቹ ራሳቸውን ሜሺካ ብለው የሚጠሩት የቴኖችቲትላን ከተማ ሰዎች ናቸው። ሥራዎቹ ዛሬ በሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ራቁታቸውን ቆመው ይታያሉ። በዘመናቸው ግን ቀለም የተቀቡ፣ ልብስና ላባ የለበሱ፣ በዕጣን ጢስ የታፈኑ ነበሩ። የተጠረበ ድንጋይ የአምላክ ምስል ተብሎ የሚከበረው ካህናት ሲያለብሱት፣ ሲያጥኑትና ሲመግቡት ስለነበር፣ ቅርጹን ከካህኑ አገልግሎት ነጥሎ መረዳት አስቸጋሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪካዊ መነሻ

ሜሺካዎች በቴክስኮኮ ሐይቅ ውስጥ በነበረች ረግረጋማ ደሴት ላይ ቴኖችቲትላንን የቆረቆሩት በ1325 እንደሆነ ትውፊታቸው ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ለጎረቤት ከተማ የሚገብሩ ነበሩ። በ1428 ግን ከቴክስኮኮና ከትላኮፓን ከተሞች ጋር የሦስትዮሽ ኅብረት መሥርተው ራሳቸው አስገባሪ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከሩቅ አገር ካካዎ፣ ጥጥ፣ የወፍ ላባና አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ይጎርፍላቸው ጀመር፤ ከአጎራባች አገሮችም ድንጋይ ጎታችና ጠራቢ የሰው ጉልበት ይመጣ ነበር። ታላላቆቹ የድንጋይ ሥራዎች በአብዛኛው የተሠሩት በዚህ የገናናነት ዘመን፣ ማለትም ስፔኖች በ1519 ከመድረሳቸው በፊት ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው።

ጥበቡን ከባዶ አልጀመሩትም። ከእነርሱ በፊት ገናና የነበሩትን የቱላን ከተማ ሰዎች፣ ቶልቴኮችን፣ እንደ አባቶቻቸው ያዩአቸው ነበር፤ በናዋትል «ቶልቴካትል» ማለት ቶልቴክ ማለትም የተዋጣለት የእጅ ባለሙያ ማለትም ነው። ጥንት የፈረሱ ከተሞችን ቆፍረው ያገኙትን ዕቃ ወደ ራሳቸው ቤተ መቅደስ ያመጡም ነበር። በዋናው ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ከተቀበሩት ስጦታዎች መካከል ከእነርሱ በ2,000 ዓመት የሚቀድም የኦልሜክ ጭንብል ተገኝቷል።

ምስልና አምላክ

በናዋትል «ቴኦትል» የሚለው ቃል አምላክን ወይም መለኮታዊ ኃይልን ያመለክታል። የአምላኩ መታያ ደግሞ «ቴኢሺፕትላ» ይባላል። ቃሉን «ምስል»፣ «ወኪል» ወይም «እንደራሴ» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን፤ ብዙ ሊቃውንት ግን በውስጡ የፊትና የልጣጭ ትርጉም ያላቸው ሥሮች እንዳሉ ያስረዳሉ። ይህም ማለት ቴኢሺፕትላ አምላኩ ከላይ የሚለብሰው ገጽ እንደማለት ነው።

ከድንጋይ ሌላ ብዙ ነገር ቴኢሺፕትላ ሊሆን ይችል ነበር። አማራንት ከተባለ እጅግ ደቃቅ እህል ተቦክቶ የተሠራ የዊትዚሎፖችትሊ ምስል በበዓሉ ተቆራርሶ ይበላ ነበር። ቶሽካትል በተባለው ወር በዓል ደግሞ አንድ የተመረጠ ወጣት ምርኮኛ ዓመቱን ሙሉ እንደ ቴዝካትሊፖካ አምላክ ለብሶ፣ ዋሽንት እየነፋ፣ በየመንገዱ እየተሰገደለት ይኖራል፤ በመጨረሻው ቀን የመቅደሱን ደረጃ ሲወጣ ዋሽንቶቹን እየሰበረ ይሄድና ከላይ ይሠዋል። ካህናቱም በየበዓሉ የሚያገለግሉትን አምላክ ጌጥና ጭንብል ያደርጉ ነበር። ሊጡም፣ ወጣቱም፣ ካህኑም፣ ድንጋዩም በዚህ ቃል እኩል ይጠራሉ።

ይህን የሚያስረዳው ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሺፔ ቶቴክ ሐውልት ነው። ሺፔ ቶቴክ በፀደይ የሚከበር፣ ከምድር መታደስ ጋር የተያያዘ አምላክ ሲሆን በበዓሉ የተሠዉ ምርኮኞች ቆዳ ተገፎ ሌሎች ሰዎች ይለብሱት ነበር። ሐውልቶቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ከንፈሩ ድርብ ነው፤ የውጪው የሞተው ሰው፣ የውስጡ የለባሹ። ከእጅ አንጓው ላይ የሌላ ሰው ባዶ እጅ ተንጠልጥሏል፤ ከጀርባው ቆዳው የታሰረበት ገመድ ቋጠሮው ሳይቀር ተቀርጿል። ቀራጩ በሐሳቡ የፈጠረውን አምላክ ሳይሆን በበዓሉ ቀን በዓይኑ ያየውን፣ አምላኩን የለበሰውን ሰው ነው በድንጋይ ያቆመው። የበቆሎ እናት የቺኮሜኮዋትል ሐውልቶችም እንዲሁ ናቸው፤ በራሳቸው ላይ ያለው ትልቅ አራት ማዕዘን ነገር አገልጋዮቿ በበዓሏ የሚደፉት የወረቀት አክሊል ነው።

የካህናቱ ማዕረግና ኑሮ

በቴኖችቲትላን የክህነት ቁንጮ ላይ በማዕረግ እኩል የሆኑ ሁለት ሊቃነ ካህናት ነበሩ። አንደኛው የፀሐይና የጦርነት አምላክ የሆነውን የዊትዚሎፖችትሊን፣ ሁለተኛው የዝናብ አምላክ የሆነውን የትላሎክን አገልግሎት ይመራል። ሁለቱም «ኬትዛልኮዋትል» የሚል የማዕረግ ስም ነበራቸው። በሥራቸው «ትሌናማካክ» (እሳት አቅራቢ) የሚባሉት ከፍተኛ ካህናትና «ትላማካስኪ» (የሚያቀርብ፣ የሚሰጥ) የሚባሉት ብዙኃኑ ካህናት ይገኛሉ። ሴት ካህናትም ነበሩ፤ ገና በልጅነታቸው ለቤተ መቅደስ የሚሰጡ ልጃገረዶች ግቢ ይጠርጋሉ፣ ለምስሎቹ ልብስ ይፈትላሉ፣ ምግብ ያዘጋጃሉ።

ካህን የሚወጣው «ካልሜካክ» ከሚባለው ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ሲሆኑ ለክህነት የተሰጡ የተራ ሰዎች ልጆችም ይገቡ ነበር። ኑሮው ከባድ ነው። ልጁ ከንጋት በፊት ተነሥቶ ይጠርጋል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የማጌይ (ከቃጫ ጋር የሚዛመድ ተክል) እሾህ ይቆርጣል። ሌሊት በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ ይጾማል፣ በእሾሁ ጆሮውንና ባቱን ወግቶ ደሙን ያቀርባል። ከዚህ ጋር መዝሙሮችን በቃሉ ይይዛል፤ 260 ቀን ያለውን የዕጣ ፈንታ አቆጣጠርና በሥዕል የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ ይማራል። ከዚህ የወጡ «ቶናልፖውኬ» የሚባሉ ቀን ቆጣሪዎች ለተወለደ ሕፃን ስም፣ ለሠርግ ቀን፣ ለዘመቻ መነሻ ጊዜ ይመርጡ ነበር።

ካህን በሩቁ ይታወቃል። ሰውነቱን በጥላሸት ያጠቁራል፤ ጠጉሩን አይቆርጥም፣ አያበጥርም። በጀርባው የትምባሆ ቅል፣ በእጁ «ኮፓል» የሚባለውን የዛፍ ሙጫ ዕጣን የያዘ ከረጢት አይለየውም። ከድል በኋላ የመጡት ስፔኖች ስለ ካህናቱ ሲጽፉ ደም ያጣበቀውን ጠጉራቸውንና ሽታቸውን እያነሡ በመጸየፍ ነው፤ የጾሙንና የትጋሃ ሌሊቱን ነገር ግን አንዳንዶቹ መነኮሳት በግልጽ አድንቀዋል። ፍራንሲስካዊው ቤርናርዲኖ ዴ ሳአጉን ከናዋ ተማሪዎቹ ጋር ከሽማግሌዎች ቃል ባሰባሰበው ባለ 12 መጽሐፍ ሥራ እንደተመዘገበው፣ ዕጣን በቀን አራት ጊዜ፣ በሌሊት አምስት ጊዜ ይታጠን ነበር። ሰዓቱን የሚያስታውቀው የትልልቅ የባሕር ዛጎል መለከትና የከበሮ ድምፅ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንባቢን የሚያስገርመው የመጥረጊያው ክብር ሊሆን ይችላል። መጥረግ የካህን የመጀመሪያ ግዴታ ነው፤ የአማልክት እናት የሆነችው ኮዋትሊኩዌም በአፈ ታሪኩ የምትገኘው ኮዋቴፔክ በሚባል ተራራ ላይ መቅደስ ስትጠርግ ነው።

ድንጋዩና ጠራቢው

በብዛት ጥቅም ላይ የዋሉት የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች፣ ባዛልትና አንዴሳይት፣ ናቸው። ለግንብ ቀይና ቀላል የሆነው ቴሶንትሌ ይመረጣል። አረንጓዴ ድንጋይ የውኃና የሕይወት ምልክት ስለነበር ከወርቅ በላይ ይከበራል። ባልጩት ለቢላዋ፣ ለመስተዋትና ለዓይን ማስገቢያ ይውላል።

ብረት አይታወቅም ነበር። ጠራቢው የሚሠራው ከሚጠርበው የጠነከረ ድንጋይን እንደ መዶሻ እየተጠቀመ፣ በአሸዋና በውኃ እየፈገፈገ፣ በሸምበቆ ቱቦ እያሽከረከረ እየበሳ ነው። በዚህ መንገድ የእባብ ቅርፊት አንድ በአንድ፣ የጃጓር ጥፍር እስከ ሥሩ ወጥቷል። ከዚያ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለም ይቀባል። የአንድም ቀራጭ ስም አልደረሰንም።

ዶሚኒካዊው መነኩሴ ዲየጎ ዱራን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሬው ምንጭ ቀድቶ የጻፈው ታሪክ ካህናቱ በድንጋይ ሥራ ውስጥ የነበራቸውን ቦታ ያሳያል። ዳግማዊ ሞክቴዙማ ለመሥዋዕት የሚሆን ትልቅ ድንጋይ ከቻልኮ አገር እንዲመጣ አዘዘ። እልፍ ሰው በገመድ ሲጎትተው ካህናት ከፊት ከፊቱ እያጠኑ፣ ድርጭት እያረዱ፣ እየዘመሩ ይሄዱ ነበር። ድንጋዩ ግን መንገድ ላይ ቆሞ ተናገረ፤ ንጉሡ ጊዜው አልፎበታልና አልሄድም አለ። በመጨረሻም ከተማው መግቢያ ላይ ድልድዩን ሰብሮ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ሲፈለግ ከጥንቱ ቦታው ተመልሶ ተገኘ። ታሪኩ ከወረራው በኋላ የተነገረ እንደመሆኑ የመንግሥቱን ውድቀት ወደ ኋላ ተመልክቶ የሚተርክ ነው። ሆኖም ድንጋይ ገና ሳይጠረብ እንደ ሕያው ነገር ዕጣንና መሥዋዕት ይቀርብለት እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ምስሉን ማልበስና መመገብ

ብዙ ሐውልቶች ደረታቸው ላይ ትንሽ ጉድጓድ አላቸው። እዚያ የሚገባው አረንጓዴ ድንጋይ የሐውልቱ ልብ ነው። ዓይንና ጥርስ ከዛጎልና ከባልጩት ተሠርቶ ይገጠማል። በቴምፕሎ ማዮር ደረጃ ላይ ተጋድመው ከተገኙት ስምንት ባንዲራ ያዥ ሐውልቶች መካከል እንዲህ ያለ የልብ ቦታ ያላቸው አሉ።

ማልበስ የካህናት የዘወትር ሥራ ቢሆንም አንዳንዴ የነገሥታት ተግባርም ነበር። ዱራን እንደጻፈው በየዓመቱ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ የሦስቱ ከተሞች ነገሥታት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ትላሎክ ተራራ ወጥተው በእጃቸው የዝናቡን አምላክ ሐውልት አክሊል፣ ካባና ጌጥ ያለብሱት፣ ምግብም ያቀርቡለት ነበር። በዚያው ዕለት ሕፃን ይሠዋ ነበር። የቀረበው ሀብት በጠላት እንዳይዘረፍ ወታደሮች ይጠብቁታል፤ ልብሱና ምግቡ እዚያው እስኪበሰብስ ይተዋል።

የሰው መሥዋዕት የሚፈጸምበት ድንጋይ «ቴችካትል» ይባላል። በቴምፕሎ ማዮር በዊትዚሎፖችትሊ መቅደስ በር ላይ የተገኘው ከሰው ጉልበት እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን ምንም ቅርጽ የለውም። ረዳት ካህናት የተሠዊውን እጅ፣ እግርና ራስ ይይዛሉ፤ ዋናው ካህን በድንጋይ ቢላዋ ደረቱን ይከፍታል። ልቡ የሚቀመጥበት «ኳውሺካሊ» (የንስር ጽዋ) ግን እጅግ ያጌጠ ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲ የሚገኘው አንዱ በግዙፍ ጃጓር አምሳል ተቀርጿል። በትላሎክ በኩል በጀርባው ተንጋሎ ራሱን ወደ ጎን ያዞረ፣ ቀለሙ ያልጠፋ የ«ቻክሞል» ሐውልት አለ።

የተሠዉት ሰዎች ቁጥር ብዙ ያከራክራል። ዱራን ለ1487 የቤተ መቅደስ ምረቃ 80,400 ሰው ተሠዋ ይላል፤ ይህን ቁጥር ዛሬ የሚቀበሉ ተመራማሪዎች ጥቂት ናቸው፣ በአራት ቀን ውስጥ ሊፈጸም የሚችልም አይመስልም። በሌላ በኩል ጉዳዩ የስፔኖች ፈጠራ ነው የሚለው ክርክርም ከ2015 ጀምሮ በተቆፈረው የራስ ቅል ማማ ፊት አይቆምም፤ እስካሁን ከ600 በላይ የራስ ቅሎች ወጥተውበታል።

ካህናቱ ከሌላው በፊት የሚሰጡት የራሳቸውን ደም እንደነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለዚሁ 1487 ምረቃ የተሠራው የአረንጓዴ ድንጋይ ጽላት ቲዞክና አዊትዞትል የተባሉትን ሁለት ነገሥታት የካህን ልብስ ለብሰው፣ የዕጣን ከረጢት ይዘው፣ ጆሯቸውን ሲወጉ ያሳያል። በመካከላቸው እሾህ የተሰካበት የሣር ድብልብል አለ፤ ደማቸው እየፈሰሰ ወደ ምድር አፍ ይወርዳል። በካልሜካክ የሚማር ልጅ የሚያደርገውን ነው ንጉሡ የሚያደርገው። እሾህና ደም የነካ ወረቀት ይቀመጥባቸዋል የሚባሉ ባለ ክዳን የድንጋይ ሣጥኖችም አሉ፤ ከነርሱ አንዱ በሃምቡርግ ሙዚየም ይገኛል።

ሌላው የሥርዓት ሥራ «ሺውሞልፒሊ» ነው። 365 ቀን ያለው ዓመትና የ260 ቀኑ አቆጣጠር የሚገናኙት በ52 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ሌሊት በአገሩ ያለ እሳት ሁሉ ይጠፋል፤ ካህናት ወደ ዊሻችትላን ኮረብታ ወጥተው ከዋክብቱ ሰማይ መካከል ማለፋቸውን ካዩ በኋላ አዲስ እሳት ያወጣሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1507 ነው። ያለፉት 52 ዓመታት እንደ 52 ሸምበቆ ነዶ በድንጋይ ተቀርጸው እንደ ሙት ይቀበሩ ነበር።

ታዋቂ ሥራዎች

ኮዋትሊኩዌ። 2.5 ሜትር ገደማ ቁመት አላት። ከተቆረጠው አንገቷ ሁለት እባቦች ወጥተው ፊት ለፊት በመገናኘት ፊት ይሠራሉ፤ ቀሚሷ የተጎነጎነ እባብ፣ የአንገት ጌጧ የሰው እጅና ልብ ነው። ከእግሯ ሥር፣ መሬት በሚነካው ገጽ ላይ፣ ማንም ሊያየው የማይችል የምድር አምላክ የትላልቴኩትሊ ምስል ተቀርጿል። ብዙ የአዝቴክ ሥራዎች እንዲህ ከሥራቸው የተቀረጹ ናቸው፤ ይህ ቅርጽ ለተመልካች ሳይሆን ለምድሪቱ የተሰጠ ነው።

ኮዮልሻውኪ። በአፈ ታሪኩ ኮዋትሊኩዌ ስትጠርግ የላባ ድብልብል ከሰማይ ወርዶ ፀነሰች። ሴት ልጇ ኮዮልሻውኪ ከ400 ወንድሞቿ ጋር ሆና እናቷን ልትገድል ተነሣች። ዊትዚሎፖችትሊ ግን ከነጦር መሣሪያው ተወልዶ እኅቱን ቆራርጦ ከተራራው ግርጌ ጣላት። 3.25 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ድንጋይ እጅና እግሯ የተለያየ፣ ደወል በጉንጯ ያለ ሴት ያሳያል። የነበረበት ቦታ በዊትዚሎፖችትሊ መቅደስ ደረጃ ግርጌ ነው። ቤተ መቅደሱ ኮዋቴፔክ ተራራ ነው፤ ካህናት የተሠዋውን ሰው ሬሳ ከላይ ሲለቁት እዚህ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ታሪኩ እንደገና ተፈጸመ ማለት ነው።

የፀሐይ ድንጋይ። 3.6 ሜትር ገደማ ስፋትና 24 ቶን ያህል ክብደት አለው። በመካከሉ ያለው ፊት የፀሐይ አምላክ የቶናቲው ነው የሚሉ አሉ፣ የምድር አምላክ ነው የሚሉም አሉ። በዙሪያው ያለፉት አራት ዓለማትና የ20ዎቹ ቀናት ምልክቶች ይገኛሉ። በተለምዶ «የአዝቴክ ካላንደር» ቢባልም ቀን የሚቆጠርበት መሣሪያ አይደለም፤ በጀርባው ተጋድሞ ለመሥዋዕት እንዲያገለግል የታሰበ እንደነበር ብዙዎች ያምናሉ።

ትላልቴኩትሊ። በ2006 ከቴምፕሎ ማዮር ፊት ለፊት የተገኘ፣ 4 ሜትር ከሚያልፍ አንዴሳይት የተሠራና 12 ቶን ገደማ የሚመዝን ነው። ቀይና ቢጫ ቀለሙ አሁንም ይታያል።

ከወረራው በኋላ

ከተማዋ በነሐሴ 13 ቀን 1521 ወደቀች። የቤተ መቅደሱ ድንጋይ ለካቴድራልና ለስፔኖች ቤት መሠረት ዋለ፤ የመጀመሪያው ጳጳስ ሁዋን ዴ ሱማራጋ በ1531 በጻፈው ደብዳቤ ከ500 በላይ ቤተ መቅደስና 20,000 ጣዖት መፍረሱን ገልጿል። የካልሜካክ ትምህርት ተቋረጠ፤ ከካህናቱ የተረፉትም ያላቸውን ምስል እየያዙ ተሸሸጉ። በ1539 የዊትዚሎፖችትሊን ምስል ደብቃችኋል ተብሎ ምርመራ ቢካሄድም ምስሉ አልተገኘም። ስፔኖች ለዓምድ መሠረት ካስጠረቧቸው አሮጌ ድንጋዮች በአንዳንዶቹ ሥር ትላልቴኩትሊ እንደተቀረጸ ቀርቷል፤ ጠራቢዎቹ አገሬዎች ነበሩና ሳያውቁ ተዉት ማለት ይከብዳል።

ዋናው አደባባይ በ1790 ሲነጠፍ መጀመሪያ ኮዋትሊኩዌ፣ ከአራት ወር በኋላ የፀሐይ ድንጋይ ወጡ። ኮዋትሊኩዌ የተገኘችበት ቀን ነሐሴ 13 ነው። አንቶኒዮ ዴ ሌዎን ኢ ጋማ በ1792 ስለ ሁለቱ ጥናት አሳተመ። የፀሐይ ድንጋይ በካቴድራሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ እስከ 1885 ድረስ አላፊ አግዳሚው ያየው ነበር። ኮዋትሊኩዌ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዳ ሳለ የአገሬው ሰዎች ሻማና አበባ ይዘው ወደ እርሷ መምጣት ጀመሩ። ካህን ከጠፋ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ባለሥልጣናቱ መልሰው ቀበሯት። ጀርመናዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1803 ሜክሲኮ በደረሰ ጊዜ እንዲያያት ለመነ፤ ተቆፍራ ታየች፤ ከዚያም እንደገና ተቀበረች። ለዘለቄታው የወጣችው ሜክሲኮ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ነው።

በየካቲት 21 ቀን 1978 የመብራት ኃይል ሠራተኞች ከካቴድራሉ ጀርባ ሲቆፍሩ ኮዮልሻውኪን አገኙ። በኤድዋርዶ ማቶስ ሞክቴዙማ መሪነት በተካሄደው ቁፋሮ ሰባት ጊዜ ተደራርቦ የተሠራው ቴምፕሎ ማዮር ተገለጠ፤ የቦታው ሙዚየም በ1987 ተከፈተ። ኮዋትሊኩዌና የፀሐይ ድንጋይ ዛሬ በቻፑልቴፔክ በሚገኘው ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም፣ ኮዮልሻውኪና ትላልቴኩትሊ በቴምፕሎ ማዮር ሙዚየም ይገኛሉ።